ግማሽ ሹሩባ

ሐዋ ስትደውል የአንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ፈረንሳዊት ራስ በሁለት እጄ ይዤ እያጠብኩ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ አላነሳም። እጄ የሰው ራስ ላይ ሳለ ሌላው ሁሉ ይቆያል፤ ይህን ለራሴ ካወጣሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሐዋ ግን በበዓል ካልሆነ የማትደውል ሴት ናት፤ ዕለቱ ደግሞ የእሷም የእኔም በዓል አልነበረም። ክፉ ነገር መሰለኝና በክርኔ ጫን አድርጌ ከፈትኩት። «አስካሉ፣ ኒሞ ሞተች» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። ትናንት እንደተቀበረች፣ ጅቡቲ ጋቦዴ ሰፈር ያለው ግቢዋ ለቀስተኛውን አልችል ብሎ ወንበሩ መንገድ ላይ እንደተደረደረ፣ የመጣው ሁሉ ደግነቷን እያነሳ እንዳለቀሰ ነገረችኝ። አንቺስ ምን አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ምን እላለሁ አባዮ እህቴ፣ እኔም ደግ ነበረች አልኩ።»

ውሃው ሳላውቀው ግሎ ኖሮ አሮጊቷ ጮኹ፤ አቃጠልሽኝ አሉ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ውሃውን አብርጄ፣ አለቅልቄ፣ ራሳቸውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ካስቀመጥኳቸው በኋላ ነው መጸዳጃ ቤት ገብቼ የግራ እጄን እጅጌ የሰበሰብኩት። ከአንጓዬ በላይ ያለው ጠባሳ የማበጠሪያ ጥርስ ነው፤ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ ልክ በእርሳስ የተሰመሩ የሚመስሉ። እዚህ አገር ሰው ሲጠይቀኝ ምድጃ ነው እላለሁ። ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው እውነቱን የተናገርኩት፤ ለሳቸውም ቢሆን ሁሉንም አይደለም።

አሁን የምኖርባት ከተማም የወደብ ከተማ ናት። መርከብ አለ፣ የባሕር ወፍ አለ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የጠፋው። ማክሰኞና ሐሙስ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ፀጉር እሠራለሁ፤ የሕፃን ፀጉር የመሰለ ሳሳ ያለ ነጭ ፀጉር፣ በቢጎዲን ሲጠቀልሉት ክብደት የሌለው። ጨዋታቸው ስለ ልጆቻቸው ነው፣ ለምን እንደማይመጡ። እኔ እሰማለሁ እንጂ አልጠይቅም። እሑድ ሁለት ባቡር ቀይሬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ማንም ማንንም አያናግርም። ያኛው ባቡር ሌላ ነበር። ከድሬዳዋ ስነሳ በአንድ ጎኔ ፍየል፣ በሌላው ጎኔ ኬላ ላይ እንዳይያዝባት አራት አዲስ ቀሚስ ደርባ የለበሰች ነጋዴ ተቀምጣ፣ እሷ በላብ ስትጠመቅ እኔ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ሳንቀላፋ ነው ጅቡቲ የደረስኩት። ያ አሮጌው ጣቢያ፣ ያ ሰዓቱ የቆመ ግድግዳ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው የሚጠብቁ የኛ አገር ልጆች፤ ግማሾቹ ሥራ ፈላጊ፣ ግማሾቹ ወደ የመን ተሻጋሪ። ስወርድ የያዝኩት አንድ መቀስ፣ ሁለት ማበጠሪያና ዳዊቴን ነበር።

የሐዋ ሳሎን ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሻይ ቤቱንና ጨርቅ ሻጩን አልፎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት አንድ ክፍል ነበረች። ሐዋ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል። ሁለት ካስክ ነበረን፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ለወጉ ይቆማል። የሚተኮሰው የብረት ማበጠሪያ በትንሽ ቡታጋዝ ላይ ይግላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርገን፣ ድምፁን ሰምተን ነው ሙቀቱን የምናውቀው። ከኋላ መታጠቢያው አለ፤ ከመታጠቢያው አጠገብ ወደ ቀጭን መተላለፊያ የምታወጣ ሁልጊዜ በመወርወሪያ የምትዘጋ ትንሽ በር። ሹሩባ አንድ ሺህ ፍራንክ፣ መተኮስ ስድስት መቶ፣ ዓርብ ዕረፍት ለሚወጡ የቤት ሠራተኞች ደግሞ በግማሽ። ቴፑ የአንዲት ሱማሌ ዘፋኝ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያዞር ነበር፤ ካሴቱ በሙቀት ተጣሞ የሴትየዋ ድምፅ አንዳንዴ የወንድ ይሆናል፣ እኛም እንስቃለን። እነዚያ ነፋስ ሲገባባቸው እንደ ሸራ የሚነፉ ስስ ቀሚሶች፣ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ብልጭልጭ ያለባቸው! ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ጫቱ ከኛ አገር ገብቶ ከተማው ውስጥ እንደተበተነ ወንዱ በሙሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ያኔ ከተማው የሴት ይሆናል፣ እኛም ሥራ ይበዛብናል። በራችን ላይ ጫት የምትሸጠው ዛህራ እንኳ ጨርሳ፣ ባዶ ጆንያዋን አራግፋ፣ ከማራገቢያችን ሥር ተዘርግታ ትቀመጥና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በነገር ትነካካለች።

መስታወታችን ከቀኝ ማዕዘኑ ጀምሮ የተሰነጠቀ ነበር። የተሰነጠቀው እኔ በገባሁበት ዓመት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ በትሕትና ጠየቀን፣ ሚስቴ ሐሙስ እዚህ ነበረች ወይ ብሎ። አብራን የምትሠራ አንዲት የዋህ ልጅ ነበረች፤ «ኸረ ሐሙስስ አልመጣችም» አለችው፣ ተራ ጥያቄ መስሏት። አመስግኖ ሄደ። ሰዓት ሳይሞላ ሚስቱን በፀጉሯ እየጎተተ መጣ። ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ወልቋል። ወደ ውስጥ አስገባት፣ እኛ መሀል አቆማት፣ ከዚያ ፊቷን በዚያ መስታወት ላይ መታው። አንዴ አይደለም። በመጨረሻ ሲለቃት ቁጭ አለች፣ ልክ ፀጉሯን ልትሠራ እንደመጣች ሴት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ደሙም ቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር። የዋሂቱ ልጅ በሳምንቱ ሥራውን ትታ ሄደች። ሐዋ መስታወቱን ልቀይር ስትል እኔ ነኝ ተይው ያልኳት። በካርቶን ላይ በትልልቁ «እዚህ የታየ እዚህ ይቀራል» ብዬ ጻፍኩ፣ እሷ ከሥሩ በፈረንሳይኛ ጻፈችበት፣ ከመስታወቱ በላይ ሰቀልነው። ለሚጠይቀን ሁሉ መልሳችን አንድ ሆነ፤ አላየንም። ሰው ቤት ሄጄ አልሠራም፤ የአንዷን ወሬ ለሌላዋ አላቀብልም፤ ራስ ላይ ያየሁትን ከየት መጣ አልልም። ሴቶቹ ይህን ሲያውቁ ልባቸው አረፈ። ደንቡን እኔ ስረሳ እነሱ ያስታውሱኝ ጀመር። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ተሰማኝ።

ኒሞ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ባሏ ወደብ ላይ ትልቅ ሰው። አማርኛዋን የተማረችው ከቤት ሠራተኞቿ ስለሆነ ከትእዛዝ ብዙም አታልፍም ነበር፤ ነይ፣ ሂጂ፣ ያዢ፣ ዝም በይ። ማንም በሌለበት በአራት ሰዓት ላይ መጣችና ሻሿን ፈታችልኝ። ፀጉሯን ስከፍል ጣቴ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ እርጥብ ነገር ውስጥ ገባ። የሳንቲም ያህል ቦታ ፀጉሩ ከነቆዳው የለም። እጄን እንዳልነቅል እንደምንም ያዝኩት። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሸፍኚ» አለችኝ። ከግራም ከቀኝም ፀጉር አምጥቼ፣ ቀጭን ቀጭን ሹሩባ አውርጄ፣ ላዩ ላይ አስተላልፌ ሸፈንኩት። በትንሿ መስታወት ከኋላዋ ሳሳያት ምንም አልነበረም። ያኔ አለቀሰች። እጄን ይዛ፣ ዘይት እንደነካው፣ ሳመችው።

ከዚያ ወዲያ የኔ ደንበኛ ሆነች። በረመዳን ቴምር ትልክልኛለች፣ ለፋሲካዬ ዶሮ ላከችልኝ። ስትስቅ ቤቱን ትሞላዋለች። አንዴ ጋቦዴ ቤቷ መጥቼ እንድሠራላት ጠይቃኝ ሰው ቤት አልሄድም ስላት ተቆጣች፤ በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጥታ እንደ ወትሮው ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ጋቦዴ ሲባል ሌላው ሰው የሚያስበው ወህኒ ቤቱን ነው፤ እኔ የማስበው ገብቼበት የማላውቀውን የኒሞን ግቢ ነው። በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ያ ቦታ እንደገና ይከፈታል፣ እኔም እንደገና እሸፍናለሁ። እሷ ብቻም አልነበረችም። ወሬው በካርቲየው ሴቶች ዘንድ ዞሮ ኖሮ ሌሎችም ይመጡ ጀመር፤ የተሰነጠቀ ቅንድብ በፀጉር ጋርጄ፣ ያበጠ ጆሮ በጉንጉን ሸፍኜ የላክኋቸውን አልረሳቸውም። ሐዋ «አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ» ትለኝ ነበር። ሐኪም «ቁስሉ ከየት መጣ» ብሎ እንደሚጠይቅ ያኔ አላሰብነውም።

ትርንጎን ያመጣቻት ኒሞ ናት። ከኮምቦልቻ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፤ አሥራ ስምንት ነኝ ትላለች እንጂ ፊቷ አይልም። የቤት ሠራተኛዬ ናት፣ ፀጉሯን አሳምሪልኝ አለችኝ ኒሞ፤ እኔም ደግነቷን ወደድኩላት። ማበጠሪያ የሚሰብር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያስቀና ፀጉር ነበራት። ስከፍለው ግን ከቀኝ ጆሮዋ በላይ እብጠት አገኘሁ። በሁለተኛው መምጣቷ ከመሀል አናቷ የእፍኝ ያህል ፀጉር ተነቅሏል። በሦስተኛው የእንጨት ጫማ ተረከዝ ቅርፅ ነበር፣ ሙሉ ቅርፁ። ኒሞ አጠገባችን ቁጭ ብላ በስትሮ ቀዝቃዛ ኮካዋን ትጠጣለች። «ሸፍኚ» ትላለች። እኔም እሸፍናለሁ። ማበጠሪያው ቁስሉን ሲነካ የትርንጎ የእግር ጣቶች ጫማዋ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዴ ዛህራ ከማራገቢያው ሥር ሆና «ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደ ሙሽራ የምትሠራው? ልታገቢ ከሆነ ንገሪን እንጂ» አለቻት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ትርንጎም ሳቀች። እኔም መሳቄን አስታውሳለሁ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያ ወር ጅቡቲ ውስጥ ነፋሱ ራሱ እሳት የሚሆንበት ነው፤ ሽማግሌው ሰውዬ በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ። የትርንጎን ቁስል መሸፈኔን ተናገርኩና፣ ሥራዬ መሆኑን፣ የማላውቀው ቤት ውስጥ አልገባም ማለቴን፣ የሚከፈለኝ ለፀጉር እንጂ ለሌላ አለመሆኑን ደረደርኩላቸው። «ልጅቷስ ምን አለች?» አሉኝ። አልጠየቅኳትም አልኩ። ካርቶኑን አስቀመጡት። «እንግዲያው ጠይቂያትና ነይ። ያኔ እንነጋገራለን።» ቀኖና አልሰጡኝም፣ አልፈቱኝም፤ እንዲሁ ሰደዱኝ። መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ነው የሄድኩት። ደንበኛዬ ማን ናት? ብሩን የምትከፍለው ወይስ ራሷን በእጄ ላይ የጣለችው? ይህን ጥያቄ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ያቀረብኩት፤ ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ።

በሳምንቱ የኒሞ ባል እህት ልትዳር ሆነና ሳሎናችን ከቀትር ጀምሮ ሞላ። ስምንት ሴቶች ነበሩ። አራቱ ከሠርጉ ቤት፣ ሁለቱ ዓርብ ዕረፍታቸው የሆነ የኛ አገር የቤት ሠራተኞች፣ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ፣ ዛህራ ደግሞ ከቦታዋ። ሐዋ የጥፍር ቀለም ልትገዛ ወጥታ ነበር። ኒሞ ትርንጎን በእጇ ይዛ ገባች። የልጅቷ ራስ በጥቁር ሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እንግዳ አለብኝ፣ ይህች ነች የምታስተናግደው፣ ቶሎ አለችኝና እሷ ቢጎዲኗ ተጠቅልሎላት ካስክ ሥር ገባች። ካስክ ሥር የገባ ሰው ምንም አይሰማም። ትርንጎን ወደ መታጠቢያው ወስጄ ሻሿን ፈታሁት። ሽታው ቀድሞ ወጣ። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ የጋለ ማበጠሪያ ተጭኖበታል። ጥርሱ አንድ በአንድ ይታይ ነበር፤ ፀጉሩ ቀልጦ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ሙያዬ ነውና አየሁት፤ አንዴ ተነክቶ የተነሳ አልነበረም፣ ተይዞ የቆየ ነው።

ውሃውን ለቀቅኩና ጎንበስ አልኩ። ምን ላድርግልሽ፣ የምትፈልጊውን ንገሪኝ አልኳት። ከዚያ በፊት ማንም ይህን ጠይቋት የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ዓይኗን ገልጣ ከታች ወደ ላይ አየችኝ። «እትዬ አስካሉ፣ አትሸፍኚው» አለችኝ። «ሰው አንድ ቀን ይየው።»

ወንበር ላይ አስቀምጬ ግራውን ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም፤ ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚወርድ ቀጭን ሹሩባ፣ መስመሩ እንደ ክር። በልቤም ዳዊት እደግም ነበር። መሀል ላይ ስደርስ አቆምኩ። የቀኙን ፀጉር ወደ ላይ ሰብስቤ በመቆንጠጫ ያዝኩትና ወንበሩን ወደ ሴቶቹ አዞርኩት። ጨዋታው አንድ በአንድ ጠፋ። ያ የተጣመመ ካሴት ብቻ ነበር የሚሰማው። ኒሞ ዝምታው ካስኩን አልፎ ደረሳት መሰለኝ ራሷን አወጣች። «ምንድን ነው ይሄ? ግማሹስ?» አለችኝ። ጨርሻለሁ አልኳት። «ሸፍኚ አልኩሽ።» «ፀጉር እሠራለሁ ማዳም» አልኩ፣ «ይኼን ግን ከእንግዲህ አልሠራም።»

ተነስታ መጀመሪያ የመታችው እኔን አይደለም፣ ልጅቷን ነው። አዲሱን ሹሩባ በእጇ ጠቅልላ ይዛ ከወንበሩ ጎተተቻት፤ የትርንጎ ጉልበት ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማ። ፊቷን ወደ ወንበሩ ብረት ስትገፋው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። መሀል ገባሁ። አንቺ ሐበሻ፣ አንቺ የሰው ቅማል ለቃሚ፣ እያለች በክርኗ ደረቴን መታችኝና እጇን ወደ ቡታጋዙ ላከች። ማበጠሪያው እዚያው እየጋለ ነበር። ያነሳችው ወደ ልጅቷ ዓይን ነው፤ ይህን እምላለሁ። ክንዴን ሰደድኩ። መጀመሪያ ሕመም አልነበረም፣ ድምፅ ብቻ፤ በእርጥብ ጨርቅ ስንጠርገው የሚያሰማው ያው ድምፅ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠልኩት እኔው መሆኔን ያወቅሁት ከሽታው ነው።

አሁን ለንስሐ አባቴም ሳልናገር የቀረሁትን እጽፋለሁ። ማበጠሪያው ከእጇ ወድቆ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ቢጎዲኗን ገፍፌ እጄን ወደ ማጅራቷ ላክሁ፤ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሸፍኜዋለሁ። ጥፍሬን እዚያ ላይ ተክዬ ሳብኩ። የሸፈንኩበት ፀጉር ከነሥሩ በእጄ መጣ። እሷ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ የሕመም ጩኸት አልነበረም፣ የመገለጥ ጩኸት ነበር። ስምንቱም ሴቶች ራሷን አዩት፣ ባሏ ያደረገውን ሁሉ፣ የአንድ ሳምንቱንና የአምስት ዓመቱን። አሁንም አልለቀቅኳትም። በወንበሩ እግር ላይ ግንባሯን መታሁት። ሁለተኛ ልመታው ስል ከኋላዬ የመወርወሪያው ብረት ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ከጓሮው በኩል ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ዞሬ ሳይ ትርንጎ የለችም። በሩ ተከፍቶ ይወዛወዛል። ማን እንደከፈተው አላየሁም።

ፖሊሶቹ ከኒሞ ባል ጋር ነው የመጡት። ክንዴ በጨርቅ እንኳ ሳይጠቀለል ወሰዱኝ። እዚያ ሆኜ የሰማሁት ነገር እንዲህ ነበር፦ የቤት ሠራተኛዋ ወርቅ ሰርቃ ልትጠፋ ስትል እመቤቷ ያዘቻት፤ ፀጉር ሠሪዋ የአገሯን ልጅ ልታስመልጥ ብላ እመቤቷን ደበደበች። የክንዴን ቃጠሎ ነገር ማንም አላነሳውም። ሐዋ በማግሥቱ እያለቀሰች መጥታ እንዲመሰክሩልሽ በየቤቱ ዞሬ ልለምናቸው አለችኝ፤ ስምንቱንም ለመነቻቸው። የሠርጉ ቤት ሴቶች በሩን አልከፈቱላትም። የኛ አገሮቹ ሁለቱ ሥራችንን እናጣለን አሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ጸሐፊዋ ካስክ ሥር ነበርኩ አለች፤ የሚሠራው ካስክ አንድ ብቻ ነበር። ስፈታ ዛህራ ዘንድ ራሴ ሄድኩ። እሷ አትፈራም ብዬ ነበር፣ ከጉምሩክ ጋር ስትጣላ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ጫቷን ከእርጥብ ጆንያ ሥር እያወጣች አላየችኝም፤ ስጨርስ ነው ቀና ያለችው። «አስካሉ፣ ግድግዳሽ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ። «እንግዲህ እኛ አክብረንልሻል።»

ያን ካርቶን ያን ዕለት ከመስታወቱ ላይ አውርጄ ቀደድኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ የተጻፈው ሰዎቹ ላይ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቼ፣ ሰው ቤት አልሄድም ያልኩት ሴት ከአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ጋር የቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ በኋላም ተከትያቸው ወደዚህ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት በኮምቦልቻ የሚመላለስ አንድ ሹፌር የትርንጎን እናት እንዲጠይቅልኝ ለምኜው ነበር። አግኝቷቸዋል። ልጃቸው አልደረሰችም። የደረሳቸው ወሬው ነው፤ ወርቅ ሰርቃ ጠፋች የሚለው። እናትየው በሰፈሩ ሰው ፊት እንዳፈሩ፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሰው በሌለበት ሰዓት እንደሚወጡ ነገረኝ። ኒሞም እስክትሞት ድረስ ከቤቷ አዘውትራ አልወጣችም አለችኝ ሐዋ፤ ያ የገለጥኩት ራስ ወሬ ካርቲየውን ሁሉ ዞሮ ኖሮ፣ በየሠርጉ ሴቶች ከኋላዋ ያንሾካሽኩ ነበር። ነፍሷን ይማር ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን አልኩ። ከከንፈር ነው፤ ግን ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ።

ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ሴቶች፣ አንዳችሁ ይህን ብታነቡት ወይ ሲነበብ ብትሰሙት ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ደንቡን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ አፋችሁንም የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አሁን የምትፈሯት ሴት አፈር ገብታለች። ያያችሁትን ተናገሩ። ስትናገሩ ኒሞን ብቻ አትናገሩ፤ እኔ ማጅራቷ ላይ ያደረግሁትንም ጨምሩበት፣ እሱ ካልተጨመረ ሌላውም አይታመንም። ለትርንጎ እናት ልጅዎ ሌባ አይደለችም ብላችሁ ላኩላቸው፤ ከኔ አንድ አፍ የናንተ ስምንት ይበልጣል። አንቺ ደግሞ፣ ማን እንደሆንሽ የማላውቅሽ፣ እኔ ከጀርባዬ ሳላይሽ ያቺን መወርወሪያ የሳብሽው፤ ስምሽን አልጠይቅሽም። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አይተሻታል። በግራ ሹሩባ የተሠራች፣ በቀኝ የተከፈተ ቁስል ያላት ልጅ ከመተላለፊያው ስትወጣ ወዴት ዞረች? ወደ ባቡር ጣቢያው ነው ወይስ ወደ ባሕሩ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።